ጨው የሌለው ምስር

ዛሬ የሠራሁትን ምሳ አንዴ ጎርሼ ደፋሁት።

ሐኪሙ ጨው ተዪ ስላለኝ፣ ጠዋት ሾላ ገበያ ወርጄ ምስርና ቲማቲም ገዛሁ። በስልሳ ዓመቴ ወጥ መሥራት እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው፤ ሳቁብኝ።

ያለ ጨው ምስር ስሠራ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ወንድም ጋሼ ቀበሌ ታስሮ ነበር። አንድ ቀን እማዬን ስላመማት ስንቁን እኔ ሠራሁለት። ልጅ ነበርኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ወጤ ነው። ምሳ ዕቃውን ይዤ ከሰፈራችን ከሲግናል በእግሬ ሄድኩ።

አብዮት ጥበቃው ክዳኑን ከፍቶ አየና መልሶ ሰጠኝ። "ውሰጂው። ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪለት" አለኝ።

መንገድ ላይ ቀመስኩት። ጨው ረስቻለሁ!

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "እማዬ፣ ጨው ስለሌለው መለሱት። ከእንግዲህም አታምጪ አሉኝ። ነገ አጣፍጬ ብወስድስ?"

እማዬ ግን ገብቷታል። ያኔ ለተገደሉት ማልቀስ ክልክል ነበርና፣ ድምጿ እንዳይወጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

እኔ ነገሩ ሁሉ የጨው መስሎኝ ስንት ቀን ራሴን ስረግም ከረምኩ።

ያለ ጨው መብላት የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ እስቲ ጻፉልኝ። ምስር ግን አይሁን።