በካውያ የታሸገ ፖስታ

የሕግ ተማሪዎቹ ጋዋን ወደ ልብስ ንጽህና ቤቱ የመጣው ምረቃው አሥር ቀን ሲቀረው ነበር። አርባ ስድስት ጥቁር ጋዋን፣ በሦስት ጆንያ ታጭቆ። በእያንዳንዱ አንገትጌ ላይ የተማሪው መታወቂያ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ባለካውያዋ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ጆንያውን ፈታችና የልጇን ቁጥር መፈለግ ጀመረች። አምስት ዓመት ሙሉ መታወቂያው ላይ ስታየው ስለኖረች እንደ ስሟ ለምዳዋለች። መጨረሻው ሰባ አንድ ነው።

ሰባ አለ። ሰባ ሁለት አለ። ሰባ አንድ የለም።

"እትዬ፣ ምን ጠፋሽ? ጋዋኑን እንደ ምስር ትለቅሚዋለሽ እኮ!" አለቻት አጣቢዋ ከገንዳው ማዶ።

"ቁጥር እያየሁ ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ልጅሽ ሳትመረቅ አንቺ ዳኛ ልትሆኚ ነው?"

ባለካውያዋ ከአንገት በላይ ሳቀችና እንደገና ከላይ ጀመረች። ሦስት ጊዜ አገላበጠች። የለም።

ልጅቷን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ሰፈርተኛው ገና በሰባት ዓመቷ "ጠበቃ" ብሎ ሰይሟታል። አንድ ቀን ስኳር ጎድሎ እናቷ ስትቆጣት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ማን አየኝ? ምስክር አለሽ?" ብላ አፏን ስላስያዘቻት ነው። ያቺው ጠበቃ አድጋ ሕግ ትምህርት ቤት ገባች። ባለፉት ሦስት ወራት ቤቱ ቤት መሆኑ ቀርቶ ነበር። የቁምሳጥኑ በር፣ የምድጃው ግድግዳ፣ የመስታወቱ ጥግ ሳይቀር በአንቀጽ ተለጣጥፏል። ልጅቷ ሰሃን ስታጥብ "ማስረዳት የከሳሽ ነው" እያለች ታነበንባለች፤ እናቲቱም ሳታስበው ሥራ ቦታ ሄዳ ያንኑ ታጉረመርማለች። የመጨረሻው ፈተና የማስረጃ ሕግ ነበር። ያን ቀን ልጅቷ ቤት ገብታ "ተገላገልኩ እማዬ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እናት ድካም ነው ብላ ነጠላ ደረበችላት።

አሁን ግን ሁሉ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። አንቀጾቹ ከግድግዳው የተነሱት በማግስቱ ነው፤ ተነቅለው ሳይሆን ተቦጭቀው። በፈተናው ዋዜማ እናት ወደ ሥራ ወስዳ አጥባ የተኮሰችላት ኮት ከፈተናው ቀን ወዲህ አልተለበሰም፤ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች።

"ወዴት ነው?"

"ቤተ መጻሕፍት።"

"ፈተና አልቆ?"

"መጽሐፍ ልመልስ።"

ስንት መጽሐፍ ብትዋስ ነው፣ እግዚኦ፣ ተመልሶ የማያልቀው! እናት ቀጥታ እንዳትጠይቃት መልሱን ፈራች፤ እንዳትተወው ጥርጣሬው እንደ ብል ይበላታል። መጀመሪያ ወንድ ጠረጠረች፤ ሻርፗን አንስታ አሸተተችው፤ የሳሙና ሽታ እንጂ ሌላ የለም። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠረችና አበላሏን ስትከታተል ሰነበተች። ልጅቷም ዓይኗን ትሸሻለች። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ሆድና ጀርባ ሆኑ።

በዚህ መሃል የልጅቷ የክፍል ጓደኛ፣ ረጅሟ የሚሏት፣ ለምረቃው የምትለብሰውን ሱፍ ይዛ ልብስ ንጽህና ቤቱ መጣች።

"እንዴት ሰነበቱ፣ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምረቃው ላይ ከልጄ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ናችሁ አይደል?"

"እ... አልነገረችዎትም እንዴ?"

"ምኑን?"

"የለም፣ የለም! ወንበሩ በፊደል ተራ ነው ለማለት ነው" አለችና ደረሰኟን እንኳ ሳትቀበል ውልቅ።

ባለካውያዋ ካውያውን አቁማ በሩን ስታይ ቀረች። አጣቢዋ እንኳ የዚያን ቀን አልቀለደችም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ልጇን ተከተለቻት። ልጅቷ በቤተ መጻሕፍቱ በር አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ ከአንድ የተዘጋ በር ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናት ደረጃው ላይ ቆማ የበሩን ጽሕፈት ፊደል በፊደል አነበበች፦ የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ልጅቷ ደንግጣ ልትነሳ ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

"መጽሐፉን እዚህ ነው የምትመልሽው?" አለቻት እናቷ።

"እማዬ..."

"ተናገሪ።"

"ፈተናው መሃል ፈታኙ ኪሳችሁን አሳዩ አለ። ከኮቴ የውስጥ ኪስ ወረቀት ወጣ። አንቀጽ በአንቀጽ የተጻፈበት። አጤሬራ ነው አሉ፤ ለኩረጃ ያዘጋጀሽው ነው አሉ። ነገሩ ካልተጣራ አትመረቂም ተባልኩ።"

"ወረቀቱ ያንቺ ነው?"

"የጥናት ወረቀቴ ነው፤ መጋቢት ላይ የጻፍኩት። ኪሴ ውስጥ መኖሩን ረስቼዋለሁ። ግን እማዬ... በትንሽ ካኪ ፖስታ ውስጥ ነበር።"

ፖስታውን ከእናቲቱ በላይ የሚያውቀው የለም።

ነገሩ የቆየ ነው። ልጅቷ ገና ስትድህ፣ አንድ ደንበኛ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ቀለበት ነበረኝ ብሎ ባለካውያዋን በሠራተኛ ሁሉ ፊት አስቆማት። ኪሷን አስገለበጣት፤ ጫማዋንም አስወለቃት። ቀለበቱ በኋላ ገዛ ቤቱ የሳሙና ማስቀመጫ ላይ ተገኘ፤ ይህንን የነገረቻት ሚስቱ ናት፤ እሱማ ዳግመኛ ብቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ከኪስ የወጣ ነገር፣ የአውቶቡስ ቲኬትም ቢሆን፣ ትንሽ ካኪ ፖስታ ውስጥ ትከተዋለች። ክዳኑን በጣቷ አርጥባ በካውያ ትጫነዋለች፤ እንደ ሙጫ ይነክሳል። ከዚያ በልብሱ የውስጥ ኪስ ትመልሰዋለች። የልጇንም ኮት በዋዜማው ያደረገችው እንደዚሁ ነበር። እጇ ስለለመደ እንጂ ልቧ አላስተዋለም።

"ፖስታው የኔ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"እናቴ ናት ያስገባችው ብል፣ እናቷ አዘጋጅታ ሰጠቻት ይላሉ። አንቺንም ተባባሪ ያደርጉሻል። አንድ ጊዜ ኪስሽን ያስገለበጡሽ አይበቃም?"

ባለካውያዋ ተነሳች፤ ቀሚሷን በመዳፏ አስተካክላ በሩን አንኳኳች። ሳይፈቅዱላትም ገባች።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰብሳቢ፣ አንዲት መምህርት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያ ፈታኝ። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሰብሳቢው ተነፈሰ።

"እናት ነዎት። እናት ለልጇ ምን ልትል ትችላለች? ቃልዎን እንዴት ብለን እንመን?"

"አትመኑኝ፣ ጌታዬ። እኔም ሰሞኑን ልጄን አላመንኳትም። ፖስታውን ግን አምጡት።"

ከመዝገቡ ውስጥ አወጡት። ክዳኑ እንደተያያዘ ነው፤ የተቀደደው በጎኑ ነው።

"ይሄን ማን ቀደደው?"

"እኔ ነኝ" አለ ፈታኙ።

"ለምን ቀደድከው፣ ልጄ? አትከፍተውም ነበር?"

"ተለጥፎ ነበራ።"

መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች።

"እንግዲህ እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው" አለች ባለካውያዋ። "በተለጠፈ ፖስታ ውስጥ ያለ ወረቀት እንዴት ተደርጎ እንደሚነበብ እናንተ አስረዱኝ።"

"አንብባ መልሳ አሽጋው ቢሆንስ?" አለ ሰብሳቢው፤ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም።

"ፈተና ክፍል ካውያ ይዛ ገብታ? ሶኬቱን ማን አሳያት? ልጄ ሰሃን ስታጥብ ማስረዳት የከሳሽ ነው ትላለች። ያስተማራችኋት እናንተ ናችሁ።"

መምህርቷ ሳቋን ለመደበቅ በመስኮት አየች። ሰብሳቢው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ የፖስታውን ክዳን ለረጅም ጊዜ ሲመረምር ቆየ። ከዚያ "ውጭ ይጠብቁ" አለ።

ውሳኔው የመጣው ለምረቃው አንድ ቀን ሲቀር ከሰዓት በኋላ ነው። ወረቀት ይዞ መግባት ጥፋት ነው፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ኮርጃለች ግን አልተባለም፣ ፈተናው ይታረምላት። ሳይመሽ ታረመላት፤ አለፈች። ይቅርታ ያላት ግን የለም።

ደብዳቤውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሲያዩት እናቲቱ አንድ ነገር ከነከናት።

"ግን ያን ወረቀት እንደዚያ አሳንሰሽ የጻፍሽው ለምንድን ነው? እንደ ጉንዳን እግር።"

"አውቶቡስ ላይ ቆሜ በአንድ እጄ ይዤ እንዳነበው ነዋ፣ እማዬ።"

እናት ፊቷን አየችው። ያው የሰባት ዓመቷ ፊት ነው፤ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ያን ስኳር የበላችው እሷ ትሁን ጉንዳን፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። "ይሁን" አለችና ደብዳቤውን አጠፈችው።

ጋዋኑን የሰጧት ሰልፍ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው ከካርቶን ሥር ጎትቶ አወጣው፤ የታኘከ ነው የሚመስለው። ልብስ ንጽህና ቤቱ ዝግ፣ ቤት ሩቅ። እናት በመዳፏ ዳሰሰችው፣ በትንፋሿ አሞቀችው፣ ጎትታ ጎትታ አየችው፤ እምቢ አለ።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች። ተመራቂዎቹ በሰልፍ ሲገቡ እጥፋታቸው እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ነበር፤ አንዱንም ሳትስት እያንዳንዱን ጋዋን በእጇ ታውቀዋለች። በመሃላቸው አንዲት ልጅ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ተጨማዳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መጣች።

አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

"ውይ፣ ያቺን ልጅ አየሻት? የሚተኩስላት እናት የላትም እንዴ?"

"አላት" አለች ባለካውያዋ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። "የሌሎቹን አርባ ስድስት ስትተኩስ ነው የሰነበተችው።"