አምስት ሰው ለአንድ በሬ

ንጋት፣ አሰላ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እኔና ያዘልኳት ልጄ። ዛሬ ሰማንያዋ ነው። ምጡ ሲጠናብኝ፣ እኔ በተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ላስነሣት ተስያለሁ። እግዚአብሔር ሰምቶኛል።

ረፋድ፣ ከሁሩታ በላይ

ከሁሩታ ወዲያ በእግር ነው። የገብስ ነዶ፣ ብርድ፣ ቀይ አቧራ። አገራችን ቡርቃ ይባላል፤ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው ከምንጩ በላይ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። አርሲዎቹ ከምንጩ በታች ከብታቸውን ያሰማሩ ነበር። ተጣልተውም ታርቀውም አንድ ውሃ ጠጡ።

ዳገቱ ላይ ግን ቤት የለም። ሜዳው ላይ፣ በገመድ ተለክተው፣ ጎጆዎች ተሰልፈዋል። መንደር ምስረታ ይሉታል። እናቴን እዚያ አገኘኋት።

«ጣሪያዬን አሸክመው አወረዱኝ፤ ውሃው ሩቅ፣ እርሻው ሩቅ» አለችኝ።

«የመንደሩ ስም ማነው?»

«ሁለት ቁጥር።»

ምንጭ የነበረ አገር ቁጥር ሆነ!

ቀትር

ቄሶቹ ጥምጣማቸውን ፈትተው ከገበሬው ጋር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጭቃው ሁሉንም አንድ አድርጓቸዋል። ከሌላ አገር የመጣውን ካድሬ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልውጣ ብዬ ለመንኩት።

«ጓዲት፣ ጉድጓዱ ሳያልቅ ማንም አይወጣም። ቤተ ክርስቲያኑ አይሸሽም።»

ደሜ ፈላ። የነቢያት ጾም ነው፤ የቀትሩ ቅዳሴ ካለፈ ሰማንያዋ አለፈ።

ኦቦ ከድር አካፋውን ተከለ። ሙስሊም ነው፤ የአባቴ ጎረቤት።

«ጓድ፣ በሬዬ ወደ ድሮ በረቱ ሸሽቷል።»

«ሂድና አምጣው።»

«ክፉ ነው። ያለ አምስት ሰው አይያዝም።»

«ምረጥ በቃ!»

ኦቦ ከድር መረጠ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ቅዳሴ ያለ አምስት አገልጋይ እንደማይሆን፣ ደወሉን ሲሰማ የኖረ ሰው ያውቃል።

«ሴቶቹስ?»

«ጨው ያሳዩታል።»

ወጣን። ልጄ ወለተ ማርያም ተባለች፤ ሥጋ ወደሙ ተቀበለች። ኦቦ ከድር ደጅ ቆሞ ጠበቀን።

ማታ፣ መልስ

ስንወርድ ካድሬው ጠየቀ፤ «በሬው ተገኘ?»

ኦቦ ከድር ጀርባዬን አየት አደረገ። «ተገኘ። ጊደር ሆኖ ነው እንጂ።»

ቄሶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው፤ ለኦቦ ከድርም። ንዴቴ ግን አሰላ እስክገባ አልበረደም። በአያቶቻችን አገር ልጄን ለማስጠመቅ የጠፋች ከብት አደረግናት።