በተዘጋ መስኮት የሄደ ሽምግልና

አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ ልጽፍ ነው። አባቴ ሲሞት ወስዶ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነውና ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያን የግንቦት ቅዳሜ እያሰብኩ አንቱ ልበለው ብል ብዕሬ እሺ አይለኝም።

ወልድያ ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሐይቅ ከተማ ገባ፤ በዓመቱም ደሴ ወጥቶ አንድ አሮጌ ጥቁር የቤት መኪና ገዛ። መኪናዋ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ሞተሯ ክፉ አልነበረም፤ ኤሲዋ ግን ሞቷል። አንድ ባለሙያ ጋዝ ሞላላትና ለአንድ ሳምንት ያህል ቀዘቀዘች፤ ከዚያ ጋዙ ሾልኮ አለቀ። ባለሙያው «ቧንቧው ካልተቀየረ ብሞላውም ዋጋ የለውም» ቢለው፣ አጎቴ «ደህናውን ዕቃ አበላሽተህ!» ብሎ ጮኾበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የኤሲው ቁልፍ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ማራገቢያው የሞተሩን ትኩሳት እየሳበ ፊታችን ላይ ይተፋዋል። አጎቴ እጁን ከቀዳዳው ፊት ያደርግና «ትንሽ ትንሽ ይሰማል» ይላል። ምንም አይሰማም።

መንዳት አይችልም። ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። ሐይቅ ላይ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እሱን ለቅሶ፣ ሠርግና ስብሰባ አደርሳለሁ። መቀመጫውን ቀይ ከፋይ አልብሶታል፤ ከፋዩ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ ደርቦበታል። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ላስቲክ ምን እንደሚመስል የተቀመጠበት ያውቀዋል። በኋላው መስታወት ላይ ባለ ዘርፍ መጋረጃ ሰቅሏል። የማይረባ ነገር ሁሉ ተሟልቶላት ነበር።

እኔ የማውቀው ጥቂት ነገር ነው። መኪና ስታቆም ጥላው አሁን ያለበትን ትተህ ስትመለስ የሚኖርበትን ፈልግ። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በካርቶን ሸፍን። መስኮቱን ጣት የማያስገባ ያህል ገርበብ አድርገው። ከመነሳትህ በፊት አራቱንም በር ከፍተህ ታፍኖ የዋለውን ሙቀት አስወጣ፤ ላስቲኩ ላይ አንሶላ አንጥፍ፤ መሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ስትነሳ መስኮቶቹን ከፍተህ ትንሽ ሂድ። በቃ። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም፤ አህያ እንኳ ጥላ መርጣ ትቆማለች።

አጎቴ ግን አህያ አይደለም፤ ኃላፊ ነበር። ካርቶኑን ያየ ዕለት «መኪናዬን ሱቅ ልታደርጋት ነው?» ብሎ ቀዶ ጣለው። በሮቹን ከፍቼ ሳናፍስ ሲያገኘኝ «ዝጋ! የሚሸጥ ነገር ያለን ይመስላል» አለኝ። መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ንፋስ ይመታዋል። በእኛ አገር ንፋስ ያልመታው፣ ንፋስ ያልገደለው ሰው የለም፤ ሰው ሙቀት ገደለው ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ለነገሩ ንፋሱ ሰበብ ነበር። እውነተኛው ምክንያት አንድ ቀን አመለጠው። በሐይቅ ዋናው መንገድ ላይ፣ ዓሣ በሚጠበስባቸው ቤቶች በኩል ስናልፍ መስኮቴን ዝቅ ባደርግ ጉልበቴን መታኝና «ዝጋው! ኤሲ የላቸውም እንዲሉን ነው?» አለ።

ለካ በላብ የምንጠመቀው ለዓሣ ጠባሾችና ለባጃጅ ነጂዎች ታይታ ኖሯል። በማግሥቱ ብሎን መፍቻ ይዞ ወጣና የሦስቱን መስኮቶች ማውረጃ እጀታ ነቅሎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። የእኔን ያስቀረልኝ ለትራፊክ ፖሊስ ወረቀት የማቀብልበት ቀዳዳ ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው።

ያገባኋት ልጅ አብራኝ የምታስተምር የውጫሌ ልጅ ናት። አባቷ በደሴና በወልድያ መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ቤታቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ለመላክ ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ በዋዜማው ለቅሶ ደርሶባቸው ቀሩ። ሌላ ሰው እንፈልግ ብል አጎቴ ሳቀብኝ።

«በመኪና ነው እኮ የምንሄደው፤ መኪናዋ እንደ አንድ ሽማግሌ ትቆጠራለች።»

ስለዚህ እሱና ጎረቤታችን ሼህ ሊሄዱ ሆነ። ሼሁ አባቴን በልጅነቱ የሚያውቁ፣ ሐይቅ ውስጥ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ አዛውንት ናቸው። ሙሽራው ሽማግሌ ተከትሎ መሄዱ የማያምር ነገር ነው፤ ነገር ግን አጎቴ መኪናዋን ለሌላ ሰው አይሰጥም። «አንተ ከደጅ ትቆያለህ፤ ማን ያውቅሃል? ሾፌር ነህ» አለኝ።

ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚሄደው። ሼሁ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው ተዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ አጎቴ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አስተኩሶ፣ ክራቫት አሥሮ፣ የክረምት የሱፍ ኮቱን ደርቦ ሲወጣ አራት ሰዓት አልፏል። መኪናዋ ደጅ ላይ በፀሐይ ስትግል ቆይታለች። ጋቢና ተቀመጠ። ሼሁ ከኋላ ገቡና ላስቲኩ ሲነካቸው «ቢስሚላህ!» ብለው ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አጥፈው ከሥራቸው አደረጉ።

ከከተማው ሳንወጣ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መስኮት በምንድን ነው የሚከፈተው?»

ወደ አጎቴ አየሁ። «ኤሲ ስላለ አያስፈልግም» አላቸው ሳይዞር።

«የቱ ጋ ነው ያለው?»

«ትንሽ ትንሽ ይሰማል።»

«ለኔስ የተሰማኝ ጀሀነም ነው፣ ወላሂ።»

አጎቴ እጁን ቀዳዳው ፊት አደረገ።  በእጄ በኩል ያለውን መስኮት ባወርደው ኖሮ ለሦስታችንም አየር ይገባ ነበር፤ አላወረድኩትም። ሊያጋባኝ የሚሄድ ሰው እንዳይቆጣ ብዬ ላቤን እየጠረግሁ ነዳሁ። ያን ቀን ከናቅኋቸው ሰዎች አንዱ ራሴ ነኝ።

ውጫሌ መግቢያ ላይ የገበያ ሰው፣ ፍየልና ጭነት መኪና መንገዱን ዘግተውት ደረስን። ስንሄድ ቢያንስ የሚሄድ ነገር ላይ ነን ብለን እንጽናና ነበር፤ ስንቆም ጥቁሩ ጣሪያ እንደ ምጣድ ላያችን ላይ ነደደ። ሼሁ በሩን ከፈቱ።

«አብሽር ልጄ፣ እኔ በዚች ባጃጅ እመጣለሁ» ብለው ወረዱ። ንፋስ ሽው ብሎ ገባ።

«ዝጉት! ላብ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸ አጎቴ።

ባጃጁ ጎንና ጎኑ ክፍት ነበር። ሼሁ ነጠላቸው እየተውለበለበ በፍየሎቹ መሀል ሹልክ ብለው ሲያልፉን አየኋቸው። እኛ ሩብ ሰዓት ቆመን ቀረን። የአጎቴ ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ በኋላ አመድ መሰለ፤ ላቡም ቆመ።

«ጋሼ፣ ኮትዎን ያውልቁ እንጂ።»

«ሰው ቤት በኮት ነው የሚገባ» አለኝ፤ ምላሱ ተሳስሮ ነበር።

ስንደርስ ከግቢው በር ፊት ለፊት ከአንድ ዋርካ አጠገብ፣ ጥላው ገና ካልደረሰበት ቦታ አቆምኩ። እሱ በሁለት እጁ ክራቫቱን አስተካክሎ ወረደ። ሼሁ ከቤቱ ሰዎች ጋር ዳስ ሥር ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጣሉ። አጎቴ በሩን አልፎ «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት አፉን ከፈተና እንደተቆረጠ ግንድ ተዘረጋ።

«ሾፌር! ና ቶሎ!» ብለው የቤቱ ሰዎች ተጣሩ።

ሮጬ ገባሁ። ጥላ ወስደን አስተኛነው፤ ኮቱን አወለቅን፤ ክራቫቱን ፈታሁ። የማገባት ልጅ ከጓዳ እርጥብ ፎጣ ይዛ ወጣችና ባየችኝ ጊዜ ደነገጠች፤ ግን ያላወቀችኝ መስላ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። ሁለታችንም እንግዳ ነን ብለን ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ተጎነጨ፤ ዓይኑን ገለጠ። አባቷ ትከሻዬን ይዘው «አይዞዎት፣ ሾፌሩ በጊዜ ደርሶልዎታል» አሉት።

አጎቴ ተበሳጨ። በደከመ ድምፅ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ አኳኋን፣ «ምን ሾፌር ነው፤ ሙሽራው እኮ ነው!» አለ።

ያ ሁሉ ወግ፣ ያ ሁሉ «ለደግ ነገር መጥተናል» ተብሎ ሊነገር የተዘጋጀው ንግግር እዚያ ላይ አለቀ። ሼሁ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቷ አልሳቁም። «እስቲ መኪናዋን አሳየኝ» ብለው ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ስንደርስ ፀሐይ ላይ የተውኳት መኪና ግማሿ ጥላ ውስጥ ገብቷል።

«ስታቆማት አይቼህ ነበር። ጥላውን ትቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆም ምን ዓይነት ሞኝ ነው ብዬ ነበር። ጥላው እንደሚዞር ታውቃለህ ማለት ነው» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል የኋላውን በር ከፈቱ፤ ላስቲኩን ዳሰሱ፤ እጃቸው የመስኮቱን እጀታ ፈልጎ አጣ።

«እጀታዎቹስ?»

«እሳቸው ኪስ ውስጥ ናቸው።»

በሩን መልሰው ዘጉት። በኋላም «እኔ አውቶቡስ ስነዳ መስኮት አይከፈት እያለ የሚጨቃጨቅ መንገደኛ ሞልቶ ነበር፤ እየሰደቡኝም እከፍት ነበር» አሉ። «አንተ ግን ሽማግሌ አጠገብህ ሲቀቀል ዝም ብለህ ነዳህ። ይሄ አክብሮት እንዳይመስልህ።»

 ለሼሁ «ዘመድ እናማክርና በሳምንቱ ኑ» ብለው ሸኙን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቴ ቆሞ መሄድ ሲችል ወደ መኪናው መጣ፤ ኮቱን መልሶ ሊለብስ ሲታገል ነበር። ሰዎቹ ሊሸኙን ቆመዋል። ቁልፉን ዘረጋሁለት።

«ጋሼ፣ እጀታዎቹን ይስጡኝ፤ ካልሆነ ቁልፉን ይቀበሉኝ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ነው የወደቁት።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሼሁን አየ፤ አላዩትም። ኪሱን ዳብሶ ሦስቱን እጀታ አወጣና መሬት ላይ ጣላቸው። ለቅሜ ገጠምኳቸው። አራቱንም በር ከፍቼ አናፈስኩ፤ የሼሁን ነጠላ በውሃ ነክሬ ላስቲኩን ጠረግሁ፤ መስኮቶቹን እስከ ታች አወረድኩ። እስከ ሐይቅ ድረስ አጎቴ ከቤቱ በሰጡት ጋቢ ተከናንቦ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ እንደተገነዘ ሬሳ ቁጭ ብሎ ሄደ። ሼሁ ከኋላ ሆነው ፊታቸውን ለንፋሱ ሰጥተው በአምባሰል ዜማ መንዙማ ያንጎራጉሩ ነበር።

በሳምንቱ ሼሁ ሁለት ሰው ጨምረው በሚኒባስ ሄዱና ልጅቱ ተሰጠችኝ። አጎቴ በሠርጉ ዕለት በክብር ቦታ ተቀምጦ ለሰማው ሁሉ ሲያወራ ነበር፤ እንደሱ አባባል፣ ሼሁ በሩን በላቡ ላይ ከፍተውበት ንፋስ መትቶት ነው የወደቀው፤ ደግነቱ እሱ ጠንካራ ሰው ስለሆነ ተረፈ። ያዳመጡት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ንፋስ ክፉ ነው» አሉ። አንድም ሰው ስለ ሱፍ ኮቱ አልጠየቀም።

ለእሱ መንዳት ትቻለሁ። አሁን አንድ ሌላ ዘመድ ይነዳለታል፤ ባለፈው ሳምንት በቀትር በሐይቅ መንገድ ሲያልፉ አየኋቸው፤ ሁለቱም አብጠው፣ ሁለቱም ቀልተው ነበር። ማታ ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለሳቸው ስታወራ ፊትህ ልክ የሳቸውን ይመስላል» አለችኝ።

መስታወት አምጪ አላልኳትም።