የሲሚንቶ ወረቀት የለበሰው ልቦለድ

ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መጥረግና የተቀደዱ መጻሕፍትን መጠገን ነበር። በእኛ አገር ሙቀት ሙጫ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ በመርፌ እሰፋቸዋለሁ። ለሽፋን ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አራግፌ አለብሳቸዋለሁ።

የአማርኛው መምህር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልቦለድ ሲመርጡ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ከመግለጣቸው በፊት የመጽሐፉን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። «ልጆች የወደዱት መጽሐፍ ደህና ሆኖ አይመለስም» ይላሉ። ከዚያ ተቀምጠው ያነባሉ። አንድ መስመር ሲጥማቸው ብቻቸውን ይስቃሉ፤ እኔም ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ድምፅ ሳላሰማ።

አንድ መስከረም ርዕሰ መምህሩና የጂኦግራፊው አስተማሪ ባሉበት ሦስት ልቦለዶች ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። የሚመረጠው አንድ ነው። መደርደሪያውን አዲስ የመጡ የፖለቲካ መጻሕፍት ስለያዙት የቀሩት ሁለቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊገቡ ነው።

መምህሩ ቀጭኑን አነሡ፤ ስለ አንዲት የወፍጮ ቤት ሴት የተጻፈውን። ጀርባውን ዳበሱና፣ «ይኼንንስ ማንም አልነካውም» ብለው ወደ ጎን አደረጉት።

ክረምቱን ሙሉ አሥራ ሁለቱንም ቅጂ ያደስኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ የልጆቹን ፍቅር ሸፍኜበት ኖሯል።

ሄጄ የድሮዎቹን ሽፋኖች ያጠራቀምኩበትን ካርቶን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«አቦ፣ ጥረጊ ሲሏት ቆሻሻውን እኛ ላይ ታመጣለች!» ብሎ የጂኦግራፊው አስተማሪ ሳቀ።

«የ… የዚያ መጽሐፍ ሽፋን ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

መምህሩ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አነሡ። አንዱ ላይ ርእሱ በልጆች ጣት ብዛት ጠፍቷል።

«አሥራ ሁለቱም እንዲህ ሆነው ነበር?»

«አዎ፣ መምህር። አንዱንማ ሁለቴ ሰፍቼዋለሁ።»

«አንብበሽዋል?»

«ገጹ እንዳይዛነፍብኝ ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ…»

«የት ላይ ስትደርሺ መርፌውን አስቀመጥሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ልጇ ከሄደ በኋላም የሱን ድርሻ ዱቄት ለብቻ ስትቋጥር» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

የጂኦግራፊው አስተማሪ መሳቁን ተወ። መምህሩም መጽሐፉን ከጎን አንሥተው ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና፣ «ጓድ ርዕሰ መምህር፣ አንብቤ ልምጣ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን መረጡት።

ሰኔ ላይ አሥራ ሁለቱን ራሳቸው ታቅፈው አመጡልኝ። ጀርባቸው ተላቅቋል፤ የሲሚንቶ ወረቀቱ ተንጠልጥሏል።

«ሥራ አመጣሁልሽ፣ እህቴ» አሉ፣ ደስታቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ። «ዘንድሮ ግን ስትጠግኚ አሮጌውን ሽፋን ከውስጥ አስቀሪልኝ።»