ባላምባራስ ድንጋይ ተሸክመው መጋላ የገቡ ዕለት

ሐሙስ ንጋት፣ አዋሽ

ባቡሩ ከአዋሽ ሲነሳ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። የምሄደው ድሬዳዋ ነው፤ የአባቴን ወዳጅ ባላምባራስ ወርቁን ልጠይቅ። ሚኤሶ ላይ የግመል ወተት በቅል፣ ኤረር ላይ ብርቱካን በሰፌድ የያዙ ሻጮች እየሮጡ መስኮት ድረስ መጡ። በስሙኒ መሐረቤን ብርቱካን ሞላሁ። ሁርሶን ስናልፍ ወበቁ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው።

ሐሙስ ማታ፣ ከዚራ

ድሬዳዋ ስደርስ የባላምባራስ ቤት ጭር ብሏል። ነገሩን ያጫወቱኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ባላምባራስ ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የመጣው ቆርቆሮ ጎደለና፣ ጭነቱን ከባቡር ጣቢያ ያመላለሰውን ሶማሌ ሹፌር አብዲን መጋላ ገበያ መሐል "ሌባ!" አሉት። ከዚያ ወዲህ ጭነት የሚሰጠው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ግን ቆርቆሮው እዚያው ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ተገኘ።

እራት ላይ የደብሩ አለቃ፣ "የርስዎን ያህል ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ራሱ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይላኩ" አሏቸው።

"አባቴ፣ ስሰድበው ሽማግሌ አልላክሁም" አሉ ባላምባራስ።

ዓርብ ከሰዓት፣ መጋላ

የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግራችን ተሻገርን። ባላምባራስ ከወንዙ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉ። ልርዳዎ ብል እምቢ አሉ። ገበያው ስንገባ ሰዉ ከበበን። አብዲ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

"አብዲ፣ እዚሁ ቦታ ሌባ ብዬሃለሁ። ሐሰት ነው፤ ቆርቆሮው ተገኝቷል። ለአላህ ብለህ ይቅር በለኝ።"

አብዲ ከመኪናው ተላቅቆ ቀረባቸው።

"ሰዎች ልጆቼን የሌባ ልጅ ብለዋቸዋል።"

"አጥፍቻለሁ።"

"ያን ቀን ሁሉም ሰማ። ዛሬስ ሰምቷል?"

ባላምባራስ ወደ ሕዝቡ ዞሩና ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ፤ "አብዲ ንጹሕ ነው! የበደልሁት እኔ ነኝ!"

አብዲ ድንጋዩን በሁለት እጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። "ኸላስ! ወላሂ፣ ይበቃል፣ አባባ።"

አንድ ነጋዴ ከሱቁ በር፣ "አብዲ! ነገ ሽንኩርት ትጭንልኛለህ?" ብሎ ተጣራ።

የአብዲ እናት ቤታቸው አስገቡን። ሻይ ቀረበ። አሮጊቷ የባላምባራስን ብርጭቆ በእጃቸው እየሰጡ፣ "ዓርብ ነው፤ ጾማችሁ ነው። ወተት አላደረግሁበትም" አሏቸው።

የገበያውን ዓይን ሁሉ ችለው የመጡት ሰውዬ ይህን አልቻሉትም፤ ብርጭቆውን እንደያዙ አለቀሱ።