መዝገቡ ላይ ያለው አንድ ስም

ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል፤ ልናገረውና ይውጣልኝ። እኛ ቢሽኬክ ከተማ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። ሊፍታችንን ሃያ ስድስት ዓመት የጠገነልን ጎረቤቴ ኢሰንጉል ነው። ጠግኖ ሲጨርስ ማንንም አያስገባም፤ መጀመሪያ ራሱ ብቻውን ዘጠነኛ ፎቅ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ የሊፍቱ የጥገና መዝገብ ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። አንድ ጊዜ ያረጀ ገመድ አምልጦት ሁለት ወር ከሥራ ታገደ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፊርማውም የኔ ነው" አለ እንጂ አላጉረመረመም።

ባለፈው ክረምት አንድ ኩባንያ መጥቶ ሊፍቱን ከሩቅ በኢንተርኔት የሚቆጣጠር ሳጥን ገጠመ። ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ኢሰንጉል እንዳይነካው ተከለከለ። ሦስት ወር ሳይሞላ የማይታወቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ሳጥኑን ሰብሮ ገባና ሊፍቱን ስድስተኛና ሰባተኛ ፎቅ መሀል ቀጥ አደረገው። ውስጥ የነበሩት ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱት ጎረቤታችን ቱርሱናይ ኤጄ፣ እትዬ ቱርሱናይ፣ ናቸው። አራት ሰዓት ሙሉ "አየር አጠረኝ!" እያሉ ሲጮኹ ሰማን። በሕይወት ወጡ፤ ግን እስከ ዛሬ ከአልጋ አልተነሡም።

ለካ ኩባንያው በከተማው ላሉት ሳጥኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ነው የሰጠው! አደገኛ መሆኑ ተነግሮትም አልቀየረውም። ጉድ እኮ ነው!

የቤቶች ኮሚቴው ግቢ ውስጥ ሰብስቦን ለውይይት ያነሣው ግን የኢሰንጉልን የሥራ ፈቃድ መንጠቅ ነው። ፈቃዱን ከተነጠቀ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

"ባይኬ፣ ውሉ ላይ እኮ ተጽፏል" አለው ከኩባንያው የተላከው ጎረምሳ፣ በአገራችን ደንብ እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራው። "ለሚደርሰው ጉዳት እኛ አንጠየቅም።"

"እንዳልከፍተው በከለከላችሁኝ ሳጥን እኔ ልጠየቅ?"

"አሁን ከቢሮ ሆነን አስተካክለነዋል። ላይ ወጥቼ ማየት ብቻ ነው የቀረኝ።"

ኢሰንጉል የሊፍቱን በር ከፈተለት። "ግባ እንግዲህ፣ የኔ ጌታ።"

ጎረምሳው ሊፍቱን አየ፣ እኛን አየ። "በእግሬ ይሻለኛል" አለ።

"ምነው፣ ፈራህ እንዴ?" አልኩት። "ለቱርሱናይ ኤጄ ሲሆን ደህና ነበር!"

ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ወጣ! ላቡን እየጠረገ ሲወርድ "ምንም ችግር የለበትም" አለን። ኢሰንጉል መዝገቡንና እስክሪብቶውን ዘረጋለት።

"እንግዲያው ፈርም።"

"ለመፈረም ሥልጣን የለኝም፣ ባይኬ።"

ኮሚቴው ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ። ለገመዱ ሕግ አለ፣ ለፍሬኑ ሕግ አለ፤ ለሳጥኑ ግን የለም። መዝገቡን ገለጡት፤ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። የኢሰንጉልን ፈቃድ ወሰዱበት።