ጀርባዋን የሰጠችው ፊደል

ኤሉዋ ፔሪኖ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አህያ ላይ ተቀምጧል። በፓሪስ፣ በፎቡር ሴንት አንትዋን፣ ለዕቃ ጌጥ የሚሆን ስስ እንጨት የሚቆርጡ ሰዎች የሚቀመጡበትን የመጋዝ አግዳሚ «አህያ» ነው የሚሉት። ሚስቱ «ከአህያህ ጋር ኑር» ብላው ከሄደች ሃያ ዓመት ሆናት። እሱም እንዳለችው ኖረ።

የዚህ ሙያ ጣጣው ሥራው ለሠሪው የሚታየው በጀርባው መሆኑ ነው። የተቆረጠው እንጨት ፊቱ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ስለሚገጣጠም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው። ወፍና አበባ ቢገለበጡ የሚቀየም የለም፤ ፊደል ሲገለበጥ ግን ጉድ ይፈላል።

ኤሉዋ ገና ለማጅ ሳለ፣ ክዳኑ የተሰበረ አንድ የጥንት ሳጥን መጣ። አዲስ ክዳን ሠራለትና በጽጌረዳው መሃል የባለቤቱን ስም መነሻ፣ «ኤር» (R) የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል አስገባ። ወረቀቱ ሲላጥ ፊደሏ ጀርባዋን ሰጥታ ተገኘች። ባለቤቱ አልወስድም አለ። አለቃውም ሳጥኑን ለአንድ አላፊ አግዳሚ በርካሽ ሸጡና፣ ኤሉዋ ዓመት ሙሉ ፊደል እንዳይነካ ከለከሉት። ዛሬም ትዝ ሲለው ፊቱ ይቀላል።

ባለፈው ማክሰኞ ማዳም ኦዴት የሚባሉ አሮጊት አንድ ሳጥን በሹራብ ጠቅልለው መጡ። ከክዳኑ አንዲት ቅጠል ወልቃለች። ኤሉዋ ክዳኑን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶም አደረገ። ፊደሏ ያው ጀርባዋን እንደሰጠች ናት።

«ባለቤቴ ሬዢ ስንተጫጭ የሰጠኝ ነው። ባለፈው ክረምት አረፈ» አሉ ማዳም ኦዴት። «ፊደሏን ሆን ብሎ ነው ያስገለበጣት። ‹መስታወት ፊት ይዘሽው ስትቆሚ የስሜ መነሻ ይቀናልሻል› ይለኝ ነበር። እህቴ ግን፣ ‹ባልሽ ቋጣሪ ነበር፤ የተበላሸ ዕቃ ነው ያሸከመሽ› ትላለች። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ሙሴ ኤሉዋ። ስህተት ነው?»

ኤሉዋ በሙያው ዋሽቶ አያውቅም። እውነቱን ቢናገር የሴትዮዋን ፍቅር የርካሽ ዕቃ ፍቅር ሊያደርገው ነው። ቢዋሽ ደግሞ የገዛ ውርደቱ ጥበብ ተብሎ ሊቀር ነው፤ ለራሱም ስለሚጠቅመው ውሸቱ ይበልጥ ነውር መሰለው።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ?»

«አዎ። ባለቤትዎ እዚህ ቆመው ‹ገልብጣት› አሉኝ። ‹ኧረ ያስቸግራል› ብላቸው፣ ‹ለእሷ ነው› አሉ።»

 ማዳም ኦዴት መሐረባቸውን አወጡ።

«ውሸት አይችሉበትም፣ ሙሴ ኤሉዋ። ሬዢ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነግሮኛል። ‹እንከን ስላለበት በርካሽ ነው የገዛሁት፣ ይቅር በይኝ› አለኝ። እኔ ሞኟ ተቆጣሁ። እንደተኮራረፍን ሞተ።»



«ታዲያ ካወቁ ለምን ጠየቁኝ?» አለ ኤሉዋ።

«ዕድሜ ልኬን ስሰማት የኖርኳትን ውሸት አሁን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አሉ፣ ወንበር እየሳቡ። «እስቲ ይድገሙልኝ። እዚህ ቆሞ ምን አለ?»

«‹ለእሷ ነው› አሉ» አለ ኤሉዋ።